ራሴን ብጠይቅ፣ ከላይ ተመለሰልኝ

ብቻዋን የምታወራ ሴት የሰማ ጎረቤት ሁለት ነገር ይጠረጥራል፤ ወይ ባሏ ሄዷል፣ ወይ ለይቶላታል። የእኔ ባል አልሄደም፤ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው። ለይቶልኝም አልነበረም፤ እሱን እንኳን አሁን ሳስበው አፌን ሞልቼ አልናገርም። ብቻ ሳትሰሙኝ አትፍረዱብኝ። ነገሩ ያስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ስቄ ስጨርስ ግን ክንዴን አየዋለሁ፤ ፀጉሩ ቆሞ አገኘዋለሁ።

ሁሉንም ያመጣው ሐኪሙ ነው። «ስኳርዎ እየወጣ ነው። ወይ በእግርዎ ይሂዱ፣ ወይ ወደ መርፌ እንገባለን» አለኝ። መርፌን ቀኑን ሙሉ ይዣት የምውል ሰው ነኝ። ሥራዬ መጋረጃና የሶፋ ልብስ መስፋት ነው፤ ማንም አላስተማረኝም፣ አንድ አሮጌ ቀሚስ ፈትቼ፣ መልሼ ሰፍቼ፣ ሳይገጥም ሲቀር አልቅሼ የተማርኩት ነው። ቢሆንም መርፌን የምወዳት ጨርቅ ውስጥ ስትገባ ነው። ስለዚህ «እሄዳለሁ፣ ዶክተር» ብዬ ወጣሁ።

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። «ቦሌ» ስላልኩ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ እንዳይመጣባችሁ። ከእኛ ሰፈር እስከ ዋናው ቦሌ ታክሲ እየቀያየሩ መሄድ አለ፤ አብሮን እዚህ ድረስ የመጣው ስሙ ብቻ ነው። ሊፍት የለንም። ደረጃ ግን አለን፣ እንዴት ያለ ደረጃ! ሠሪው የሰውን እግር አይቶ የማያውቅ ይመስል አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ ነው። በየጠዋቱ «ዛሬማ ወርጄ ሜዳውን እዞራለሁ» እላለሁ። እንዲህ ስል መኪናዬ ላይ እቀመጣለሁ፣ የስፌቷን ማለቴ ነው። ቀና ስል መሽቷል። ሽንኩርት ሲያልቅብኝ በመስኮት በገመድ የታሰረች ቅርጫት ወደ ሱቁ አወርዳለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ቤት ውስጥ እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ የምትንቀሳቀሰው ቅርጫቷ ብቻ ነበረች። ስኳር ቢኖርባት ይድንላት ነበር።

የእህቴ ልጅ ቤዛ ቦሌ መንገድ ላይ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣና የማልወርድበትን ምክንያት እኔው ስዘረዝር ትሰማኛለች። አንድ ቀን ስልኳን አስቀመጠች። ቤዛ ስልኳን ካስቀመጠች ነገሩ ከባድ ነው።

«አክስቴ፣ ችግርሽ ምን መሰለሽ? ራስሽን ታዢያለሽ። ብሬይን ደግሞ ትእዛዝ አይወድም።»

«ማንስ ይወዳል?»

«ኤግዛክትሊ! ስለዚህ አትዘዢው፣ ጠይቂው። ‹እወርዳለሁ› አትበይ። ‹ዛሬ ትወርጃለሽ ወይ?› በይ። ቀጥለሽ ‹ለምን?› በይ። ልክ ሌላ ሰው እንደምትጠይቂ፣ ጮክ ብለሽ። ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂ። መልሱ ከውስጥሽ ሲመጣ ሪል ሞቲቬሽን እሱ ነው።»

«ካልመጣስ?»

«ይመጣል፣ አክስቴ። ጀስት ጠብቂ።»

እውነቷን ነው እንዴ ብዬ አሰብኩ። እኛ እኮ ስንጠያየቅ የምንውል ሕዝብ ነን። ደህና ነሽ? ጤና ነሽ? ልጆች ደህና ናቸው? ቤቱስ? ከብቱስ? ከብት የለም፣ ኮንዶሚኒየም ነው፤ እኛ ግን እንጠይቃለን። ታዲያ የጠየቅነውን ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» በሚል ክዳን ከድነነው እናልፋለን። ጠይቆ፣ መልስ እስኪመጣ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ቢያጋጥመን «ምን ፈልጎ ነው?» ብለን እንሸሸዋለን። እኔም በዕድሜዬ ራሴን እንዲህ ጠይቄ ጠብቄያት አላውቅም።

የት ልጠይቃት? ሳሎኑ መንገድ ላይ ነው፣ መኝታ ቤቱ ጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው ከራሱ ጋር ብቻውን የሚሆነው መታጠቢያ ቤት ነው። መስታወትም አለው። በማግስቱ በሩን ዘጋሁ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴትዮ አየኋት፣ አፈርኳት፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ዛሬ ትወርጃለሽ ወይ?»

ዝም አለች። ጠበቅኳት። ቧንቧው ጠብ አለ። «ለምን ትወርጃለሽ?» አልኳት። «ሐኪሙ ስላለ» አለች በእኔው አፍ። ይሄ ከውስጥ የመጣ መልስ አይደለም፣ ከክሊኒክ የመጣ ነው። ወጥቼ መስፋቴን ቀጠልኩ። በሌላውም ቀን እንዲሁ፤ ጠየቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ ሰፋሁ። መቼም መጠየቁ በረታ፣ መስፋቱም በረታ።

ታዲያ አንድ ጠዋት «ዛሬ ትወርጃለሽ ወይ?» ከማለቴ፣

«ጉልበቴንስ የት ላድርገው?» የሚል ድምፅ መጣ።

ደነገጥኩ ብል ቃሉ ያንሰኛል። የመስታወቷን ሴትዮ አየኋት፤ አፏ አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ ያረጀ፣ ሻካራ፣ ወደ ሸዋ ገጠር የሚያደላ ነው። ቤዛ «ከውስጥሽ ይመጣል» አለች እንጂ ከውስጤ ሽማግሌ ሴት ትወጣለች አላለችም። ጉልበቴን ነካሁት፣ ምንም የለውም። ያም ሆኖ የመጣልኝን መልስ ላለማስቀየም ብዬ በቀስታ፣

«ጉልበትሽ ምን ሆነ?» አልኩ።

«ይበላኛል እንጂ! ደግሞ ደረጃው ላይ የሚይዙት ብረት ግማሹ ተነቅሏል ይላሉ።»

የእኔ ኅሊና ስለ ደረጃ ብረት ምን አገባው ብዬ ሳስብ፣ ከራሴ በላይ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል የከዘራ ድምፅ ተሰማ፤ ውሃ ተለቀቀ፤ በር ተዘጋ። ያን ጊዜ ገባኝ። የመታጠቢያ ቤቶቻችን ትንንሽ መስኮቶች ሁሉ የሚከፈቱት ወደ አንድ ጠባብ የአየር ቀዳዳ ነው። የላይኞቹ ሲያስሉ እንደምሰማ አውቅ ነበር። ግን ድምፅ እንደ ውሃ ወደ ታች ብቻ የሚፈስ ይመስለኝ ነበር። ያነጋገርኩት ኅሊናዬን ሳይሆን የላይኛዋን ጎረቤቴን፣ እማማ አስካለን ኖሯል።

እማማ አስካለን አይቻቸው አላውቅም። እኛ ቤቱን ከተከራየን ገና ነው፤ ወጥቼም አልጠየቅኳቸው። ለመውረድ የሰነፈ ለመውጣት ይበረታል? ልጃቸውን ትዕግሥትን ግን ደረጃ ላይ አውቃታለሁ። እናቷን ከሸኖ ስታመጣቸው የሰፈር ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው ነው ያወጧቸው። እሳቸውም ያን ቀን «ከእንግዲህ ሰው ተሸክሞኝ የምወርደው ስሞት ነው» ብለው በራቸውን ዘጉ። አልወረዱም።

ሮጬ «ይቅርታ፣ እማማ፣ ከራሴ ጋር እያወራሁ ነው» ልላቸው ነበር። ግን ትዕግሥት ቀደመችኝ። በራፌ ላይ ቆማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«የእማዬ ነገር ያሳስበኛል» አለችኝ። «መታጠቢያ ቤት ገብታ ታወራለች። ከማን ጋር ነው ስላት ‹ከሚጠይቀኝ› ትላለች። ማነው የሚጠይቅሽ ስላት ጣቷን ወደ ላይ ትቀስራለች።»

«ወደ ላይ?» አልኩ።

«ወደ ሰማይ እኮ ነው! ፀበል ልወስዳት አስቤ ነበር። ግን ታውቂያለሽ፣ ትናንት ጫማዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ ስትጠርግ አገኘኋት። ከመጣች ጫማ ነክታ አታውቅም!»

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? «መልአኩ እኔ ነኝ፣ የሦስተኛ ፎቋ፣ የመጋረጃዋ» ትሉ ነበር? ጫማ ያስጠረገን ድምፅ ማን ያጠፋል? አልነገርኳትም። በማግስቱ መስኮቷን በደንብ ከፈትኩ። ድምፄንም ትንሽ አከበድኩት።

«ዛሬ ትወርጃለሽ ወይ?»

«እንጃ።»

«ለምን ትወርጃለሽ?»

ጠበቅኩ። እንደ ቤዛ ምክር፣ ጠበቅኩ። ከላይ እስትንፋስ ይሰማል።

«ዘርፌ እንድታየኝ» አሉ።

ዘርፌ ማናት ልል አፌ ላይ ደረሰ። መልአክ ሆኜ ዘርፌን አለማወቄ እንዳይጋለጥ ዋጥኩት። እሳቸው ግን ራሳቸው ቀጠሉ።

«እህቴ እኮ ናት። ዓይኗ እየሄደ ነው አሉ። አሁን ሰውን በጥላው ነው የምትለየው። እኔ ልያት ብዬ አይደለም፤ እኔማ ዓይኔን ጨፍኜም አያታለሁ። እሷ ፈጽሞ ሳይጨልምባት አንዴ እንድታየኝ ነው።»

ባልዲው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ትዕግሥት በየቀኑ «እማዬ፣ ውረጂና ፀሐይ ሙቂ» ትላቸዋለች። ሐኪም ውረጂ ብሏል፣ ቄስ ውረጂ ብሏል። «ለምን ትወርጃለሽ?» ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ሁለት ተራ ቃል! ያንን ያህል ነገር ከሰው ሆድ አውጥቶ እመታጠቢያ ቤቴ መሃል አስቀመጠልኝ። ልብስ መስፋት ስማር፣ አንዲት ክር ስስብ ጠቅላላው ቀሚስ ሲፈታ ያየሁ ዕለት እንዲህ ተደንቄ ነበር።

«ትዕግሥት ትውሰድሽ» አልኩ በመልአክነቴ።

«በሸክም ልታወርደኝ ነዋ! ሬሳ ነኝ እንዴ? ዘርፌ ልታየኝ የሚገባት ቆሜ ስሄድ ነው።»

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ወሬ ይወርድልኝ ጀመር። «ትናንት እስከ በሩ ሄድኩ።» «ዛሬ ደረጃው አፍ ላይ ቆሜ ተመለስኩ።» «ዛሬ ብረቱን ያዝኩት፣ ይወዛወዛል፣ ግን ይዟል።» እኔስ? እኔማ መስኮቱን ዘግቼ፣ እያለቀስኩ፣ ወደ ስፌቴ። ጠያቂዋ ተቀምጣ ተጠያቂዋ ትለማመዳለች። ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚሉት ለእኔ ዓይነቷ ነው።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ጥያቄዬን ሳልጨርስ «እወርዳለሁ» አሉ። ከላይ በር ተከፈተ። ከዘራው ደረጃው ላይ ቋ አለ።

ትዕግሥት ሥራ ሄዳለች! ቢወድቁስ? በቤት ቀሚሴ፣ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ አንድ እግሬ በመታጠቢያ ቤት ነጠላ ጫማ፣ ሌላው በባለቤቴ ነጠላ ጫማ ወጣሁ። እማማ አስካለ እኔ በር ፊት ደርሰዋል። ትንሽ፣ ቀጥ ያሉ፣ ጋቢ የለበሱ ሴት ናቸው።

«ደህና አደርሽ፣ ልጄ። የዚህ ቤት ነሽ?»

ልመልስ አፌን ስከፍት ትዝ አለኝ። አንድ ቃል ከወጣኝ ድምፄን ያውቁታል፤ መልአኩ አለቀለት፤ እሳቸውም ይመለሳሉ። ራሴን ነቀነቅኩ።

«አፍ የለሽም እንዴ?»

የለኝም ብዬ ራሴን አወዛወዝኩ። ምን ላድርግ!

«ውይ የእኔ ምስኪን፣ ድዳ ኖረሻል! ነይ ያዢኝ።»

ወረድን። በየደረጃው ይቆማሉ፤ በከንፈራቸው «ትወርጃለሽ ወይ?» ይላሉ፤ «እወርዳለሁ» ይላሉ፤ እግራቸውን ያሳርፋሉ። ጠይቀው፣ መልሰው፣ ወረዱ። በእኔ ቤት መስታወት ላይ ተተፍቶ የሚቀረው ጥያቄ በእሳቸው እግር ሥር ደረጃ ይሆን ነበር።

ታች ጥበቃው ጋሽ ቶሎሳ ሲያዩን ከወንበራቸው ተነሡ።

«እትዬ፣ ደህና አደርሽ! ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?»

ነቀነቅኩ።

«ድዳ ናት እኮ፣ ምስኪን» አሉ እማማ አስካለ።

«ድዳ? እሷ? ያ ዋቃ! ትናንት ቅርጫቷን ስታወርድ ቲማቲሙ ፈረጠ ብላ ባለሱቁን ስታስለቅሰው አልነበር እንዴ!»

በዓይኔ ለመንኳቸው። አልገባቸውም። አማተቡ፣ ተቀመጡ።

ሜዳውን ይዞራሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ እንመለሳለን ብዬ ነበር። እማማ አስካለ ሜዳውን ቀና ብለውም አላዩት። ቀጥ ብለው ወደ ታክሲው። ወዴት ነው ብዬ እንዳልጠይቅ ድዳ ነኝ። ዝም ብዬ ተከተልኩ። ረዳቱ «መገናኛ፣ መገናኛ! እናት፣ ቀስ ይበሉ» እያለ አስገባን። ከኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ ሜትሬንና እግሬን አየና «እህት፣ የምትለኪው ሰው ጠፍቶብሽ ነው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ለሱ የሚሆን መልስ ነበረኝ፣ እንዴት ያለ መልስ! ድድነት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ከመገናኛ ሌላ ታክሲ ይዘን ላምበረት መናኸሪያ ደረስን። ወደ ሸኖ የሚሄደው ቅጥቅጥ ሊሞላ ተቃርቧል። እማማ አስካለ የመጀመሪያው መወጣጫ ላይ እግራቸውን አነሡ። አልደረሰም። በከዘራቸው ተደግፈው ደገሙት። ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠና ታጠፈ፤ ያዝኳቸው። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ።

«እናት፣ ይወጣሉ ወይስ ይቀራሉ? ሰው ቆሟል!» አለ ረዳቱ።

«ቀረሁ» አሉ ቀስ ብለው። ወደኔ ዞሩ። «በቃ ልጄ፣ እንመለስ። የሰው ሐሳብና የሰው ጉልበት አንድ አይደለም።»

አፌ እኔን ሳያማክር ተከፈተ።

«ለምን ነው የወረድሽው?»

በመታጠቢያ ቤቱ ድምፅ፣ ያንኑ ያህል ጮክ ብዬ። መናኸሪያው ዞሮ አየኝ። አንድ ሽበታም ሰውዬ «ምን ዓይነቷ ባለጌ ናት! እናትሽን ነው አንቺ የምትያት?» ብለው ከዘራቸውን አነሡብኝ።

«ተዋት» አሉ እማማ አስካለ። «እኛ ስንነጋገር እንዲህ ነው።» ከዚያ ወደ መወጣጫው ዞረው፣ ለእኔ ሳይሆን ለብረቱ እንደሚነግሩት ሁሉ፣ «ዘርፌ እንድታየኝ» አሉት። እግራቸው ተነሣ። ወጣ። እኔ ከኋላ የገፋሁ እንዳይመስላችሁ፤ እጄ አየር ላይ ነበር።

አብሬያቸው ወጣሁ፤ ያንን ካየሁ በኋላ የትኛዋ ሴት ወደ መጋረጃ ትመለሳለች? የከተማውን መውጫ ካራን እንዳለፍን ድፍረቴን ሰበሰብኩ።

«እማማ… ያ ድምፅ…»

«አንቺ ነሽ። አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። በጠየቅሽኝ ቁጥር ወዲያው የልብስ ስፌት መኪና ይነሣል። መልአክ መጋረጃ ይሰፋል እንዴ?»

የምገባበት አጣሁ። «ታዲያ ለትዕግሥት ጣትዎን ወደ ላይ የቀሰሩት?»

«ወደ ታች ብቀስር መጥታ ታስቆምሽ ነበራ!» ሳቁ፤ ጥርስ የላቸውም፣ ሳቃቸው ግን ሙሉ ነው። «ደግሞ አሳዘንሽኝ። ይቺ ልጅ በየቀኑ ራሷን ትጠይቃለች፣ የሚመልስላት የለም። እስቲ እኔ ልመልስላት አልኩ። ብመልስልሽም አልወረድሽ! እኔ ብወርድ ተከትላ ትወርዳለች ብዬ ደግሞ አሰብኩ። ይኸው።»

ይኸው! እኔ ሳወርዳቸው የከረምኩ መስሎኝ፣ እሳቸው በአንድ ጥያቄ ሁለታችንንም አወረዱን። እንዲህ ዓይነት ሰው ኮርኒሴ ላይ ከዘራ እያንኳኳ ይኖር ነበር፣ እኔ ደግሞ የውሃ መፍሰስ ብቻ እሰማ ነበር።

ድድነቴ ካበቃ በኋላ ከእማማ ቀጥላ ድምፄን የሰማችው ትዕግሥት ናት። የእማማ ስልክ ጮኸ፤ እሳቸው «አንሺው፣ አፍ ካወጣሽ አይቀር» አሉኝ።

«ሃሎ? እማዬ የት ናት? በሩ ክፍት ነው፣ መታጠቢያ ቤትም የለችም!» እያለቀሰች ነው።

«ትዕግሥቴ፣ አይዞሽ፣ እኔ ነኝ፣ የታችኛዋ። እናትሽ ከእኔ ጋር ናቸው። ሰንዳፋ ደርሰናል።»

«ሰንዳፋ? ማን አወረዳት?»

እማማን አየኋቸው። በመስኮት ሜዳውን ያያሉ። «ራሳቸው» አልኩ።

ሸኖ ብርዱ ቀሚሴን አልፎ አጥንቴ ድረስ ገባ። ከመናኸሪያው እስከ እህታቸው ቤት ዳገት ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘልኝን በሙሉ በዚያች ዳገት ላይ ከፈልኩ፣ ያውም በሁለት ዓይነት ነጠላ ጫማ። እማማ አስካለ ደጁ ጋ ሲደርሱ ከዘራቸውን ሰጡኝ። ጋቢያቸውንም አውልቀው ሰጡኝ። ከሥሩ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰዋል፤ እንደ አዲስ የበቀለ ገብስ ያለ አረንጓዴ።

«ዘርፌ!»

እማማ ዘርፌ በር ላይ ወጡ። ግድግዳውን ይዘው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ድምፁ የመጣበትን ፈለጉ።

«አስካለ? በእግርሽ?»

«በእግሬ።»

«እስቲ ወደ ብርሃኑ ቁሚ። ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ልይሽ።»

እማማ አስካለ ምርኩዝ ሳይዙ ፀሐዩ ላይ ቆሙ። እህታቸው ቀርበው ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። ቀስ ብለው። ጊዜ ወስደው። እኔ ዘወር ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

«አርጅተሻል» አሉ እማማ ዘርፌ።

«አንቺስ?»

«ግን ቀሚስሽ ያምራል። ሰማያዊ ሁልጊዜም ይሄድልሻል።»

እማማ አስካለ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ከዚያ አረንጓዴውን ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ዘርጋ አድርገው፣ እህታቸው በደንብ እንዲያዩት፣ አንዴ በቀስታ ዞሩ።

«ለአንቺ ብዬ ነው የለበስኩት» አሉ።

«አንቺስ፣ ልጄ» አሉኝ እማማ ዘርፌ፣ ጥላዬን ፈልገው አግኝተው፣ «አያምርም?»

«እንዴት ያለ ሰማያዊ!» አልኳቸው፤ ማርያምን፣ ያን ጊዜ ለእኔም ሰማያዊ ነበር።